ምላሶቹ

ኤሪ ሐይቅ ጨው የለው፤ ነፋሱ ግን ብረት ያኝካል፣
ቬርና ይህን ታውቃለች፤ ጣቷ ዝገቱን ይለካል።
ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ፓርኩ ገና ሳይከፈት፣
ባትሪ ግንባሯ ላይ አስራ ትወርዳለች ከሐዲዱ ፊት፣
ገመዱን በመዳፏ ልትዳብስ፣ ክር ተበጥሶ እንደሁ ልታይበት።

ድሮ፣ አባቷ በሠራበት፣ ባቡሩ የእንጨት ነበረ፣
በሰንሰለት ቀጭ ቀጭ እያለ ዳገቱን የቆጠረ።
ሰው ለመፍራት ጊዜ ነበረው፣ ለመጸለይም፣ ለመሳቅ፣
ሚስቱን ይቅርታ ለመጠየቅ።

ይሄኛው ግን ማንን ሊጠብቅ!
ዘይቱ በጋን ታምቆ ቆይቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ሲለቀቅ፣
ከበሮው ገመድ ሲጠቀልል፣
አራት ሰከንድ። ከዚያ ሰማይ። ሆድ ከኋላ ሲንጠለጠል።

ንድፉን የሣለው ኡርስ ቢዬሪ ከባሕር ማዶ ሲመጣ፣
«ነፋስ ቢያይልበትስ?» አለችው፣ «ጫፉ ሳይደርስ አቅም ቢያጣ?»
እርሳሱን ከጆሮው አወጣ።
«እሜቴ፣ ቀድሜ የሣልኩት መውጫውን አይደለም» አለ፣
«መመለሻውን ነው።» በሐዲዱ መሃል የመዳብ ምላስ ተከለ፣
ባቡር ሲሄድ የሚያጎነብስ፣ ካለፈ በኋላ የሚነሳ፣
መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራውን የማይረሳ።

ጡረታዋ ሲቃረብ፣ አንድ ማክሰኞ፣ በሕይወቷ አንዴ፣
ቬርና ተሳፈረች፤ «ያጠበቅኩትን ብሎን እኔው ልፈራ እንዴ?»
ጫፉ ጋ ነፋስ መታቸው። ባቡሩ አመነታ፣ ደከመ።
ሐይቁ ታየ፤ አንድ ጀልባ ታየ፤ የልጆቹ ጩኸት ቆመ።

ከዚያ ወደ ኋላ።

ቁልቁል በጀርባዋ ስትወርድ የምላሶቹን ጉርምርምታ ሰማች፣
የትኛው በየትኛው ቀን እንደተወለወለ ታውቃለች።
ከተነሱበት ጣቢያ ፊት ባቡሩ በእርጋታ ሲቆም
«ልክ ነው የሠራው» አለች። አልሳቀች፣ አላለቀሰችም።
ጓንቷን ኪሷ ውስጥ ፈለገች፤
ሐይቁ ወስዶት ነው መሰል፣ የለም።