ባለ ሁለት ቤት

ጭጋግ ወደቡን ዋጠው፤ ጀልባዋ ማዶ ደሴት ቀረች፣
ሐኪሙን በወር አንዴ የምታመጣው፣ ዛሬም እንደ ልማዷ አረፈደች።
ሊዝበን ሩቅ ናት፤ ለእኛ ቅርቡ አትላንቲክ ነው፣
ሲያኮርፍም ሲታረቅም ቀናችንን የሚቆርጠው።
እኛም ከዓሣ መጋዘኑ ደጅ፣ በተደፉ ሣጥኖች ላይ፣
የታመመ እንስሳ ታቅፈን፣ አንዴ ባሕር አንዴ ሰማይ
ስናይ።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ጉልበቴ ላይ ደብተር፣
ለእያንዳንዱ እንስሳ አራት ጠባብ መስመር፦
ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም፣ ባለቤት።
የቀረው የሰው ወሬ ነው፤ አይገባም መዝገብ ቤት።

ሰው ግን እንስሳ ታቅፎ ዝም ማለት መች ይችላል?
አንዱ ሲጀምር ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ለተራው ይቸኩላል።

ግራሲዬቴ ቀደመች፤ ሞራ የጋረደው ውሻዋን እያሻሸች፣
"ይሄ ቀብር አይቀርም" አለች፣
"የነከሰውን ፖስተኛ እንኳ እስከ ጉድጓዱ ሸኝቶታል፤
ቄሱ ጸሎቱን ሲያሳጥሩ፣ ቅር ብሎት ያጉረመርማል።"

ዱዋርቴ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዶሮውን በሹራቡ ጠቅልሎ፣
"መጣል ካቆመች ሦስት ዓመቷ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ፣
"እናቴ እንዳታርዳት፣ ከሱቅ ገዝቼ
ጎጆዋ ውስጥ አኖራለሁ፣ ጠዋት ማንም ሳይነሳ ተነስቼ።"
ባለሱቋ ግራሲዬቴ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤
እንቁላሉን በግማሽ ዋጋ የምትሸጥለት እሷ ነበረች።

ቀጥሎ ዴኦሊንዳ፣ ቅርጫቷን በክንዷ እንደከበበች፣
"የኔ ሚኒስትር ሌሊት ሥራ አለው" አለች፣
"ጎህ ሲቀድ ይገባል ዝሎ፣ ከሟቹ ወንበር ላይ ይወድቃል፤
ያን ወንበር እኔም አልነካው፤ እሱ ግን ፈቃድ መች ይጠይቃል?
ሰሞኑን ምግብ ዘግቶታል። ሾርባዬን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል።"

አማንሲዮ፣ ጡረተኛው ጉምሩክ፣ ከዳር ባዶ የሽቦ ሣጥን ይዞ፣
ለማንም ሳይሆን ለባሕሩ ተናገረ ተክዞ፦
"የኔ ጢሶ ቀን የት እንደሚውል እግዜር ይወቀው፤
ዛሬም ላመጣው ብዬ አጣሁት፣ በሰርዲን ብጠራው።
ሲመሽ ይመጣል፤ የአየር ትንበያውን በሬዲዮ አብረን እንሰማለን፣
ከዚያ ደረቴ ላይ ይተኛል፤ ሌሊት ሲያስል ሁለታችንም እንነቃለን።"

ዱዋርቴ፣ ዶሮዋ እቅፉ ውስጥ፣ "መልኩ ምን ዓይነት ነው?" አለ።
"ግራጫ። ግራ ጆሮው የተቀደደ።"
ዝም።
ከቅርጫቱ ክዳን ሥር አንድ የተቀደደ ጆሮ ብቅ አለ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ነው ሁለቱ ሰላም ከተባባሉ፣
በአንድ የድንጋይ አጥር፣ "ክንድ ገፋህ፣ ክንድ ገፋሽ" እያሉ።
በዚያው አጥር ላይ ጅራቱን ቀስሮ፣ ጠዋት ወዲያ ማታ ወዲህ፣
ያለ ቀረጥ ሲሻገር ኖሯል፣ በጉምሩኩ ደጅ እንዲህ!

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። "ስም?" ሁለት ስም ሰማሁ።
"ሕመም?" "ቀን አይበላም" አለች። "ሌሊት ያስላል" አለ። ጻፍኩ።
ለካ ግማሽ ግማሽ ሕመም ነበር የያዙት።
"ባለቤት?"
"ባለቤቴማ ሞቷል" አለች ዴኦሊንዳ፣ ወዲያው አፏን ያዘች፤
ግራሲዬቴ ከሣጥኗ ልትወድቅ ደርሳ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።
ዱዋርቴ ግን ኮስተር ብሎ፣ "ባለቤቱማ ራሱ ነው" አለኝ፣
"እኛ ሁላችን ባለ አንድ፣ እሱ ባለ ሁለት።" ምን ልጻፍ? ቃል ጠፋብኝ።

አልታረቁም። እጅ አልተጨባበጡም። እሷ ግን ለድመቱ፣
"ሰርዲን አለልህ ለካ! ሾርባዬን የናቅኸው ለዚህ ነው።"
እሱም ለድመቱ፣ "ንገራት፣ ጨው አታብዛ፤ ለኩላሊትህ መርዝ ነው።"
"ንገረው፣ የሰርዲኑን ዘይትስ ማን አየው?"

መስመሩን ክፍት ተውኩት።
ከጭጋጉ ውስጥ የሞተር ድምፅ የመሰለ መጣ፤
ሞገድ ነው።
ድመቱ አሳለ።
ሁለቱም እኩል ጎንበስ አሉ።