ይፈታል?

ስምንት ክረምት ቆሞ ከኒም ዛፉ ጥላ፣
ዶሮ ሲጥልበት ከጋቢናው ኋላ፣
በሰንሰለት ስበን አመጣነው ማታ
ከሳቢያን ጓሮ፣ የጉሌድን ቶዮታ።
ሀሊሞ በባጃጅ ተከትላን መጣች፤
ጋርባሳሯን ሰብስባ፣ ጎንበስ ብላ፣ የፊት እግሩን አየች።
«ይፈታል?» አለችኝ።
«ይፈታል» አልኋት፤
መካኒክ እንዲህ ነው፣ እጁ ገና ሳይነካ ቃል የሚቀድምበት።

ጥፋቱ የውኃ ነው። ደቻቱ ሞልቶ ሲያስገመግም ሌሊት
ጉሌድ ፎር ዊል አስገብቶ ዘሎ ገባበት።
መሻገርስ ተሻገረ፤
ውኃው ግን ከሞዞው ውስጥ እንደ ዘመድ ቀረ።
ግራሶውን አጥቦ፣ ወተት አስመስሎት፣
ቡሎንን ከዳዶ፣ ኩሽኔታን ከብረት፣
ያለ ቄስ ያለ ቃዲ አጋባው በዝገት።

የመጀመሪያው ቀን ናፍጣ አጠጣነው፤
ጠጥቶ አደረና ጠዋት ያው እሱ ነው።
ረምዚ ተማሪዬ ችኩል ነው እንደ እሳት፤
መፍቻው ጫፍ ላይ ቱቦ ሰክቶ ተንጠለጠለበት።
መፍቻው አመለጠው፣ ጣቱን ላጠው ባንዴ፤
«አቦ!» አለ ደሙን እየመጠጠ፣ «ይሄ ብረት ሰው ነው እንዴ?»

ሰው ቢሆን ቀላል ነው።
እኔን ሚስቴ የፈታችኝ በአንድ ጠዋት ነው፤
ሦስት ፊርማ፣ አንድ ማኅተም፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ባጃጅ ጠራች፣ ዞራም አላየችም።
ይህ ዳዶ ግን ማኅተም አያውቅም።

ሁለተኛው ቀን እሳት።
ድሬ ራሷ ምድጃ፣ እኛ ጨመርንባት።
ብረቱ የቀፊራን ቲማቲም እስኪመስል ነደደ፤
ውኃ ሲነካው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ መላቀቅ ግን አልወደደ።
ያኔ ትዝ አለኝ የሹመንደፈሩ ሙሴ ገዛኸኝ፣
ጥርሱ በትምባሆ የቢጫ፣ በመፍቻ ጀርባ ጉልበቴን እየመታ የመከረኝ፦
«የዛገ ነገር በቀጥታ አይፈታም፣ ልጄ።
መጀመሪያ ጥቂት አጥብቀው፤
ሊፈቱኝ ነው ብሎ ጥርሱን የነከሰውን አስደንግጠው።»

ሦስተኛው ቀን አጠበቅሁት።
የፀጉር ስፋት ያህል። ከዚያ በነሐስ መዶሻ ጎን ጎኑን አንኳኳሁት፤
የሰው በር በሌሊት እንደሚንኳኳ፣ ቀስ ብዬ፣
ወደ ግራ ገፋሁት፣ በትከሻዬ።
ቀጭ!
ረምዚ ዘለለ። እኔ የተሰበረ መስሎኝ ነበር።

ሞዞው ወጣ። ሴሚያሱ ወጣ።
ዝገቱ እንደ በርበሬ መሬት ላይ ፈሰሰ፤
ረምዚ አፍንጫውን ይዞ ሦስት ጊዜ አነጠሰ።
ከላይኛው ክዳን ሥር፣ ከስስ ቆርቆሮዎቹ መሐል፣
አንድ እንግዳ ተቀምጧል፦
በቢላ የተቆረጠ የሰርዲን ጣሳ፣
ግማሽ ገላው የቀረ፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ዓሣ።
ረምዚ ሊወረውረው እጁን ሲያነሳ
ሀሊሞ ተቀበለችው፤
በጋርባሳሯ ጫፍ ጠረገችው።
«አይሻ መንገድ ላይ ነው» አለች። «መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር።
ዓሣውን አብረን በላን፤ ጣሳውን ይዞ ከሥር ገባ።
ምን እንደሠራበት አልጠየቅሁም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

ጉሌድ የት እንዳለ አልጠየቅሁም እኔም፤
ሰው መኪና ሲያመጣ ያመጣውን እንጂ የቀረውን አያወራም።

አዲሱን ገዝቼ ነበር፣ በሳጥን፣ ከነወረቀቱ፤
ሁለቱን ለካኋቸው፣ አንድ ነው ውፍረቱ።
«መልሰው» አለች።
መለስሁት፣ አዲስ ግራሶ ቀብቼ፣ ዓሣውን ወደ ላይ አድርጌ።

ማታ፣ ክሪኩ ላይ እንዳለ፣ ረምዚ በታሰረው ጣቱ
ነካ አደረገው፤ ዞረ፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ምጥ፣ እንደ ልጅነቱ።
«ተፈታ?» አለች ሀሊሞ፣ ከበሩ።
«ተፈታ» አልኋት፣
ዳዶውንም እስከ ልኩ አጠበቅሁት።