እርሳስ ያዢዋ

ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ በላታሞ ጌም ቤት፣
ሁለት ብር ነበረ ሩብ ሰዓት ለመጫወት።
ጆይስቲኩ የወንድሜ፣ የካያሞ ነበር፤
የእኔ ድርሻ እርሳስና ባለካሬ የሒሳብ ደብተር።
"ሴት ልጅ ትሰብረዋለች" ቢል ላታሞ በቀልድ፣
"እንግዲያው ካርታ ትሣልልኝ" አለ እሱ፤ በዚያው ሆነ ልማድ።

የመጀመሪያው ጌም፦
ዋሻው ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ቡናማ፣
ዜማው ሦስት ድምፅ ብቻ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠብታ የሚሰማ።
አንድ ቁልፍ ለአንድ በር፤ በሩን ከፍቶ ይጠፋል፤
ያለቦታው ያባከነው፣ ሁለት ብሩን ያለቅሳል።
ሠሪው ግን፣ ማንም ይሁን፣ መምህር ነበረ፤
መጀመሪያ ባዶ ክፍል፣
ቀጥሎ አንድ የሌሊት ወፍ፣
ቀጥሎ ሁለት፣ ከሥራቸው ገደል፤
አንዲት ቃል ሳይናገር አስተማረ።

ሁሉም በአንድ ገጽ ይገባል፤ አንዱ ካሬ አንድ ክፍል፣
ለበር ሰረዝ፣ ለሣጥን ነጥብ፣ ለጠላት ትንሽ መስቀል።
"የት ነን?" ይለኛል ካያሞ፣ ዓይኑን ከቲቪው ሳይነቅል፤
"ሦስተኛው ረድፍ፣ የምሥራቁ ጥግ፤ ወደ ግራ በል።"
መውጫው ከመግቢያው ጎን ነው። ይህን ያየሁት በወረቀት፦
ሰዓት ሙሉ የዞርነው ዙረት
አንዲት ግድግዳ ናት የለየችው ከጀመርንበት።

ሁለተኛው ውሃ ነው።
ማንሻ ሲሳብ ይሞላል፣ ሌላው ሲሳብ ይጎድላል፣
ትናንት በር የነበረው ዛሬ ወለል ይሆናል።
ሰፈሩ በሙሉ ረገመው። ላታሞ ብቻ ወደደው፤
እኛ በጠፋን ቁጥር፣ ብሩን ቆጠረው።

አንድ ገጽ አልበቃ አለኝ።
አሞራ ገደል ወርጄ የዓሣ መጠቅለያ ለቀምኩ፤
ዘይት የጠጣ ወረቀት ብርሃን እንደሚያሳልፍ ያኔ አወቅኩ።
ጎዶሎውን ውሃ በአንዱ፣ መካከሉን በሌላው፣
ሙሉውን በሦስተኛው ሥዬ፣
ደራርቤ ወደ መስኮት ሳነሣው፣
ዋሻው እንዳለ ታየኝ፤
ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

እስከ ዛሬ የምሟገትለት ለዚህኛው ነው።
ያለፍክበት ክፍል አላለቀም፤ ተመልሰህ ታየዋለህ፣
በደረቁ የረገጥከውን ዋኝተህ ትሻገረዋለህ።
የእኛስ ሐይቅ ያው አይደል? አምና እግራችንን ዘርግተን
የተቀመጥንበት ድንጋይ፣ ዘንድሮ
ጀልባ ያልፍበታል።

ሦስተኛው የመጣው ካያሞ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ መስፋት ከጀመረ በኋላ፣
ዕቁብ ደርሶት የራሱን ማጫወቻ ሲገዛ፤
ላታሞም ቤቱን ዘግቶ ነበር፣ ባጃጅ ሊገዛ።
ሰማዩ ሰፊ። ሣሩ በነፋስ ይተኛል።
ዋሻው መቶ ነው፤ በየጉብታው ሥር አንድ፣
እንደ ማስቲካ፣ ጣዕሙ ሳይቆይ የሚያልቅ።
ቁልፍ የለ። በሩን በእሳት ክፈተው፣ በድንጋይ ስበረው፣
ካልሆነም ተወው፤
ሠሪው ትከሻውን ነቅንቆ "እንደ ፍጥርጥርህ" የሚል ሰው ነው።
ያቺ የለየችን ግድግዳ እንኳ፣
አሁን ይወጡባታል።

አልዋሽም፣ ያምራል። ካያሞ እንደ ሕፃን ይስቃል።
ከማዕዘኑ ግን አንዲት ክብ ካርታ፣ መሐሏ ላይ ቀስት፣
"እዚህ ነህ" ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።
እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቆሎ በላሁ።
አመሻሹን ሙሉ "የት ነን?" ሲል አልሰማሁ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ታቦር ከነግርጌው ጠፋ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣
ቲቪው ጥቂት አረንጓዴ ሆኖ ቆየና ጨለመ።
"የት ነን?" አለ ካያሞ፣ ከልማድ ይሁን ከቀልድ።
እርሳስ አልያዝኩም። ረድፍም የለም።
"የምሥራቁ ጥግ" አልኩት እንዲሁ፤ "ወደ ግራ በል።"
ወንበሩ ወደ ግራ ሲንቋቋ ሰማሁ።