ነገ ብመልሰውስ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጺሜን ተላጭቼ፣
የስምንት ወር ትርፍ ሰዓት ደረቴ ላይ ከትቼ፣
ቪየና መሃሏ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣
ከአንዲት የሳንቲም ሱቅ አጎንብሼ ስገባ፣
ኤዴልትራውት (ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል) ነጭ ጓንት አጥልቃ
ከጥቁሩ ከፋይ ላይ አነሣችው፣ በሁለት ጣት ጠብቃ።

«ፕላቲነም» አለችኝ። «አንድ ወቄት ሙሉ።
አምስት መቶ ብቻ ናቸው በዓለም ያሉት ሁሉ።»
ዋጋው አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ዩሮ።
ቀረጡ ሃያ በመቶ፣ እዚያው ላይ ተደምሮ።
(ወርቅ ቢሆን ቀረጥ የለበትም። ይህንንም የሰማሁት ያኔ ነው።)

ለምን መጣሁ? ልጄ ልዕልና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤
«ባንክ ያለ ገንዘብ ይሟሽሻል» አሉኝ፣ «ከባድ ነገር ግዛላት።»

ዐየሁት። ነጭ ነው። ነጭ ግን አይደለም፤
ዝናብ ያረገዘ ሰማይ፣ ያልወሰነ ቀለም።
ወርቅ እኛ ዘንድ ስም አለው፣ ይተርቱበታል፣ ይሳሉበታል፤
ይሄን ግን በእኛ አፍ ማን ብለው ይጠሩታል?
«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ተብሏል። ደህና።
ፕላቲነም ላበደረስ? ተረቱ አልደረሰም ገና።

«ልንካው?» አልኋት። «በጣት? አይ፣ አይነካም።
ላብ አንዴ ካረፈበት ያንን ዋጋ አያወጣም።»
«ድምፁንስ ልስማው?» «ሽፋኑ አይከፈትም።»
ላቤ ነው እኮ የሚገዛው! አላልኋትም።

የእናቴ አባት ባቲ ገበያ ቆዳ ሲነግዱ
ጠገራ ብር ድንጋይ ላይ ጥለው ሳያስጮኹት አይወስዱ።
የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ፣ ፈርጡን በአውራ ጣት ቆጥረው፣
አንዷ ፈርጥ ብትጎድል ወዲያ ይወረውሩት ነበር፣ ተቆጥተው።
ያች ሴትዮ የዚህ ከተማ ልጅ ነበረች፤
ከዚሁ ተነሥታ በመርከብ፣ በግመል፣ ቅቤ በነካው እጅ ዞረች፤
አፍንጫዋ እስኪላላጥ ተነካች።
ተነክታ ነው ብር የሆነች።

የነጋዴ የልጅ ልጅ ነኝና አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፦
«ነገ ብመልሰውስ፣ በስንት ትገዢኛለሽ?»

ዝም። የግድግዳው ሰዓት ብቻ። ቁራጭ ወረቀት ወሰደች፣
ጻፈችበት፣ አጠፈችው፣ በመስተዋቱ ላይ ገፋች።
አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና።

ወደድኋት፣ እውነቴን ነው። ሻጭ ሆኖ እንዲህ የሚጽፍ ማን አለ?
ግን ባንድ ሌሊት ስድስት መቶ ሃምሳ የሚበላ እንግዳ
የት ላሳድረው? በየትኛው አልጋ፣ በየትኛው ጓዳ?
«አስቤበት ልምጣ» አልሁ። ደወሉ ጮኸ። ወጣሁ።

ሰኞ ሲመሪንግ፣ ቁርጥራጭ ብረት ከሚከመርበት ግቢ፣
ከአሮጌ ኦፔል ሥር ተንጋልዬ
የጭስ ማጣሪያውን በመጋዝ ቆርጬ አወረድሁ።
ሚሎራድ በእጁ መዘነው። «እዚህ ውስጥ አለ» አለ፣
«ፕላቲነም። ሁለት ግራም፣ ቢበዛ ሦስት።»
እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሳ፣ ጥቀርሻ የለበሰ፤
የንጉሥ ፊት የለው፣ ቁጥር የለው፣ ምስክር ወረቀት የለው፤
ዐሥራ ስምንት ዓመት መርዛችንን ዋጠ፣ ማንም በጓንት ሳይዘው።
ጓንቴን አወለቅሁ።
ነካሁት።

ማታ ሥርጉት ልብስ ልታጥብ ኪሴን ስትበረብር
ወረቀቷን አገኘች። «ስልክ ነው እንዳልል አጠረ፤ የማን ነው ይሄ ቁጥር?»
«የአንድ ሌሊት ማደሪያ» አልኋት። አፈጠጠችብኝ።
ገንዘቡ አሁንም ደረቴ ላይ ነው፣ ይሞቀኛል፣ ይከብደኛል።
ሱቁ ቅዳሜ ይከፈታል።
መግባቱንስ እገባለሁ፤
የሚገባኝ መሆኑን ግን፣ እንጃ።