አደን የሚያርፍበት

ሥራዬ ማህተም ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ከመስኮቴ ማዶ የጥዱ ጫፍ ሲታይ።
ብሪዘንሆፍ ከተማ፣ ከበርሊን በስተሰሜን፣
ለአውሬ ሕግ አላት፤ እኔ እጠብቃለሁ ሕጉን።

አንቀጽ አንድ፦ በከተማ ክልል ጥይት አይተኮስም።
አንቀጽ ሁለት፦ ወጥመድ ያለ ቁጥር አይቀመጥም።
አንቀጽ ሦስት፦ የተጠመደ ሣጥን ጠዋት ጠዋት ይታያል፤
ሌሊቱን የታሰረች ነፍስ ውሃ ይጠማታል ይላል።
(ውሃው ሕጉ ውስጥ የለም፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ማህተም ስመታ አንዳንድ ቃል እያመለጠኝ።)
«ወንጭፍስ?» ብሎ ጠይቆኛል አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በደብዳቤ፤
«ወንጭፍም ያው ነው» ብዬ መለስኩ፣ ለርግቦቹ አስቤ።

አንቀጽ አራት ላይ ስደርስ ግን ሆዴ ባር ባር ይላል፦
«በመናፈሻ፣ በትምህርት ቤት፣ በመቃብር አደን ያርፋል።»
ያርፋል ነው የሚለው፤ ይከለከላል አይልም፤
ዐረፈ የተባለ ሁሉ ተኝቶ ይሁን ሞቶ፣ ቃሉ ለይቶ አይነግርም።

ኤጎን ክሮገር መጣ በጥቅምት፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
ከአውቶቡስ ፌርማታ በዝናብ በእግሩ ተጉዞ።
«የሃነሎረን መቃብር አሳማ ቆፈረው» አለኝ፤
«የዱር አሳማ፤ የቱሊፑን ሥር እንደ ሽንኩርት በላው። ጥይት ፍቀድልኝ።»
አንቀጽ አራትን አነበብኩለት፤ ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ፤
«እሷ ዐረፈች፤ አደንም ዐረፈ፤ ማነው የማያርፈው? አሳማ!»
ባቡር ነጂ ነበር ድሮ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን አየ፣
የዘገየ ሰው ይመስል፤ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆየ።

በኅዳር ሣጥን ጠመደ፣ በቆሎ ከውስጡ በትኖ፣
ቁጥር የሌለው፤ ጎህ ሲቀድ ያላየው፣ አልጋው ላይ ተሸፍኖ።
የገባለት ፑሚ ነበር፣ የወይዘሮ ኢርምጋርድ አጭር ውሻ፤
በቆሎውን ጨርሶ ተኛ፤ እሷ ግን ስትጮህ ዋለች ከንጋት እስከ ማምሻ።
ሠላሳ አምስት ዩሮ ቀጣሁት። ከፈለ። ደረሰኙን አጣጥፎ
ከመነጽሩ ቤት ከተተው፤ ሄደ፤ ተመለሰ ሳምንት አልፎ።

ታኅሣሥ መጣ። ጥር መጣ። ማመልከቻ ቁጥር ሰባት፣ ስምንት።
ምክንያት በሚለው መስመር ሁሌ ያው፦ «መቃብሯን ቆፈሩት።»
ዘጠነኛው ላይ የአባቱን ጠመንጃ ፎቶ አያይዞ ሰደደ፤
«ይሄማ ዝገት ነው» ስለው ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ።

ፈቃድ ያላት አንዲት አዳኝ፣ ቪብከ፣ ጫማዋ ጭቃ ለባሽ፣
ቀን የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ ማታ በማህተሜ ተኳሽ።
በመጋቢት ሌሊት ሦስታችን ከመቃብሩ በር ቆምን፤
መተኮስ አንችልም፤ ማየትን ግን የትኛው አንቀጽ ይከለክለን?
የቪብከ ባትሪ ቀይ ነው፣ አውሬ የማያየው፤
ኤጎን ሳሉን በመሐረብ አፍኖ ከአፉ ላይ አቆየው።

እናት አሳማ።
ጎኗን ከሃነሎረ ድንጋይ አስደግፋ ተጋድማለች፤
ሰባት ግልገል፣ ጀርባቸው ባለ ጥለት፣ ታጠባለች።

አለች ቪብከ በሹክሹክታ፦ «ቦታው መቃብር ባይሆን እንኳን፣
አንቀጽ ዘጠኝ አለ፤ እናት አትተኮስም፣ ጡት እስክታስጥል ሁሉን።»
ኤጎን ዝም። አንዱ ግልገል በአፍንጫው አፈሩን ገፋ፣
የቱሊፕ ሥር አወጣ፤ ቀመሰው፤ መልሶ ተፋ።
ከሽማግሌው ጉሮሮ የወጣው ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁትም፤
አልጠየቅኩትምም፤ ለዚህ ዓይነቱ ቅጽ የለንም።

ሚያዝያ ላይ አሥራ ሁለተኛው ደረሰኝ። የክስ መሰረዣ ቅጽ፣ ሰማያዊው፤
በእርሳስ ሞልቶታል፤ በእርሳስ አይሞላም፤ አለፍኩት፤ ማን አየው?
ስም፦ ክሮገር፣ ኤጎን። አድራሻ፦ ያው። የአውሬው ዓይነት፦ «እናት»።
ምክንያት፦ «እሷም ቆፍራ አትጠግብም ነበር፤ ጥፍሯ ሥር ሁሌ አፈር ነበረበት።»
ከሥሩ ጥያቄ አለ፣ የኔ ክፍል የማይመልሰው፦
«አሳማ የማይነካው አበባ ምንድነው? ቢጫ ግን አይሁን፤ አትወደው።»

ማህተሜን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩ።
ቪብከ ጋ ደወልኩ።