የማይንቀሳቀስ ንብረት

በሰሜኑ በር ላይ ሰባት ዓመት ቆምሁ፣
የገባን ፈተሽሁ፣ የወጣን መዘገብሁ።
ባጄ ላይ ሲጋል ነኝ፣ በቤቴ አበጁ፤
ሁለቱ ስሞቼ አንድ ቀን በሩ ላይ ተፋጁ።

በካርሜል ተራራ፣ ከሕንፃዎቹ በላይ፣
አንድ ጉብታ አለ፣ ባሕሩን የሚያይ።
ድንጋዩ ነጭ ነው፤ እሳት የበላው ዛፍ
እንደ ተሰበረ እርሳስ ቆሟል ከዳር እስከ ጫፍ።
ዩኒቨርሲቲው ነው የሚያስተዳድረው፣
በካርታ ከልሎ በቁጥር የሰደረው።
በመዝገቡ ላይ ጉብታም አልተባለ፤
«የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ክፍል ዘጠኝ» ይላል እንጂ፣ ሌላ ስም የለ።

አልዋሽም፣ ደግም ሠርተዋል፤
የተቃጠለውን መልሰው ተክለዋል።
የዕፀዋት ሊቆቹ በጉልበታቸው ሲድሁ አይቻለሁ
ለአንዲት ቅጠል ብለው፤
«ይኸም ስግደት ነው» ብያለሁ።

ናዪፍ የሌሊት ተረኛ ነው፣ የዳልያ ሰው፣ ድሩዝ፤
አያቱ በዚያ ጉብታ ያልፍ ነበር፣ ስለቱን ይዞ ሲጓዝ።
«አሁን እኔ እጠብቀዋለሁ፣ በደመወዝ» ይላል፣ ይስቃል፤
ሳቁ ግን ከጥርሱ ሳይሻገር ያልቃል።

በኅዳር፣ አንድ ማለዳ፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣
ከአፉላ አውቶቡስ ወረደ የአሥራ አንድ ነጭ ለባሽ ሰልፍ።
ከፊት ቄስ ጀምበሬ፣ የአባቴ ወንድም፤
«ኢየሩሳሌም ለመውጣት ጉልበቴ አልቻለም፤
ድምፅ ማጉያ የሌለበት ተራራ ስጡን፣ ሌላ አንሻም።»

«ፈቃድ አላችሁ ወይ?» አልሁ፣ እኔው በገዛ አፌ፤
ምነው ያን ቀን ታምሜ በቀረሁ አርፌ።

«ፈቃድማ የእግዜር ነው፣ ሌሊት ለምኛለሁ፤
ወረቀቱ የናንተ ከሆነ፣ አምጪው፣ እፈርማለሁ።»

ቅጹ አራት ገጽ ነው። አነበብሁላቸው።
የጉብኝቱ ዓላማ?
«ማልቀስ።»
የተሳታፊ ብዛት?
«የሞቱት ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ?»
በመሬቱ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ አለ?

እዚህ ላይ ዝም አሉ። በትራቸውን ተደገፉ።
«ልጄ፣ እኛ በጎንደር ርስት አልነበረንም፤
በሰው መሬት አርሰን፣ በሰው መሬት ቀብረን፣
ይኸ ተራራ የኛ ነው ብለን አናውቅም።
በዓመት አንድ ቀን አናቱን ተውሰን
ጾመን፣ ሰግደን እንወርዳለን፣ ለባለቤቱ መልሰን።
የለም ብለሽ ጻፊ።
በትልቁ ጻፊ፣ ሳትጽፊው አትለፊ።»

ቦርሳቸውን በማሽኑ አሳለፍሁ፤
መስኮቱ ላይ የቡጢ ያህል ጨለማ አየሁ።
«ምንድን ነው?»
«ሸክሜ ነው።»
ከአፉላ ጓሮ የተነሣ ጥቁር ድንጋይ፣
ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ።
ደንብ ሰባት ይላል፦ ድንጋይ ማስገባት፣ ማስወጣት፣ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።
ጣቴ ማስጠንቀቂያው ደወል ላይ ነበር፣ ቆየ፤
ከዚያ ባጄን በጀርባው ገለበጥሁት፣
በሩን ከፈትሁት።

ሽቅብ ወጡ፤ ድንጋዩ በማጅራታቸው ላይ።
ግእዙ በነፋስ ተቆራርጦ ወረደ፤
ግማሹ ለኛ ደረሰ፣ ግማሹን ባሕሩ ወሰደ።
ተረኛነቱ ያለቀው ናዪፍ ግን አልሄደም፤
ካሜራውን ወደ ውኃው አዞረና
«መርከብ እየጠበቅሁ ነው» አለ።

በመጋቢት ተማሪዎች መጡ፣ ክርና ሜትር ይዘው፣
የጉብታውን ድንጋይ ሊቆጥሩ ታዘው።
አንዱ ልጅ ከላይ ጮኸ፦ «ይኸ የዚህ አገር አይደለም!»
መምህርቷ ኦርና ወጣች፣ ተንበረከከች፣
በብሩሽ ጠረገችው፣ ቁጥር ለጠፈችበት፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት፤ ምንጩ ያልታወቀ።
«ማንም አይንካው» አለች፣
«በደንብ ሰባት መሠረት ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም።»

እኔ ምንጩን አውቃለሁ፤ የጠየቀኝ የለም።
መዝገቤ ንጹሕ ነው፤ የዚያን ዕለት ገጽ ግለጡ፦
አሥራ አንድ ገቡ፣ አሥራ አንድ ወጡ።
ሲገቡ እንደ ከበዱ፣ ሲወጡ እንደ ቀለሉ ግን
የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።