ሦስት ደቂቃ አረንጓዴ

ሻጂ ራሴን በቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ፣
አሥራ አራት ሽቦ ከጠጉሬ ሥር አስገብቶ፣
«እንደ ወትሮህ ንዳ» አለኝ፤ «ማሽኑ ያነባል፤
ስትናደድ ቀይ፣ ስትፈራ ቢጫ፣
ስትረጋ አረንጓዴ ያበራል።»

የሻርጃ ኤርፖርት መንገድ። ገና ከማለዳው ግሏል።
አንድ ላንድክሩዘር ፍሬቻ ሳያሳይ ፊቴ ገባ፤
ሰደብኩት። ቀይ።
አልዋሸም ማሽኑ።

ቀጥሎ መብራት ያዘን።
ከጎኔ ሚኒባስ፤ ሌሊት የገቡ ልጆች፣
የአባያቸው እጥፋት ገና ያልተፍታታ፣
ፓስፖርታቸው በሌላ ሰው ጭን ላይ።
አንዷ፣ ሻሿ ሸርተት ሲል፣
አንገቷ ላይ ነጣ ያለ የማተብ መስመር፤
ክሩ የለም።
በመስታወቱ የሱቆቹን ብዛት
በከንፈሯ ትቆጥራለች፣ እንደ ትርንጎ።

ትርንጎን «ነይ፣ እኔ አለሁልሽ» ያልኳት
እኔ ነበርኩ።

መብራቱ ለቀቀን።
«ጎበዝ!» አለ ሻጂ፣ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ፣
«እዚህ ላይ እየው፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አረንጓዴ!»
በየትኛው ዓረብኛዬ ልንገረው፣
በእኛ ቋንቋ የሚብሰው
ጭንቅላት እንዳልሆነ?
ሽቦውን ነቃቀለ፤ ቅባቱን በፎጣ ጠረገልኝ።
ማንም እጁን አልሰደደም
ወደ ሆዴ።